ጣሪያው ያጎበጠው

ከውጭ ቁም ሣጥን ነው፣ ጽጌረዳ የተሳለበት፣
የሰርግ ልብስ፣ የበፍታ አንሶላ የሚታጠፍበት
ትላለህ፣ ካላወቅህ። እኔም ብያለሁ ፊት፣
በረዶው ሲቀልጥ፣ በቶገንቡርግ ዳገት፣
ወይዘሮ ኦቲሊያ በጠባቡ ደረጃ እየመራችኝ ሽቅብ፤
«አያቴ» አለች «እዚህ ነበር የሚያኖረው አይብ።
አይጦቹም ያውቁ ነበር።»

በሮቹን ስከፍት ግን ቆመው ጠበቁኝ፣
ሁለት መቶ አርባ ቧንቧ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አንድ ቃል ሳይነግሩኝ።
ትንሹ የጣት ጫፍ፣ ትልቁ የኔ ቁመት
እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ፣ ከዚያም ጥቂት።
እሱ ነው፣ ትልቁ፣ ከአንገቱ የጎበጠ፤
ጣሪያው አልበቃው ቢል ዮስ አምቡል በመጋዝ ቆረጠ፣
አዙሮ ገጠመው።

አናጢ ነበር ዮስ። ላም ያልብ ነበር።
ኦርጋን መሥራት ከማን እንደተማረ የሚያውቅ የለም በሀገር።
ሦስት የበረዶ ወራት ፈጅቶበታል ይላሉ፣
መንገድ ሲዘጋ፣ ላሞች በረት ሲውሉ።
ጥዱን የጣለው ጨረቃ ስትጎድል፤
ያኔ የተቆረጠ አይጣመምም፣ አይበላውም ብል።
የነፋሱን ሣጥን ቦረቦረ፣ ለየቧንቧው ጎዳና፣
ለየቁልፉ ክዳን፣ ለየክዳኑ የበግ ቆዳ፣ በእጁ የለፋ እንደገና እንደገና።
ወናፉን ባለ ሦስት እጥፍ ከሥር አኖረ፣
ስንጥቁን በወረቀት ደፈነ፣ በሙጫ አሠረ።

ወረቀቱ የዕዳ መዝገብ ነው። ዛሬም ይነበባል፤
«ለወፍጮ ቤቱ፦ ሁለት ድቡልቡል አይብ፣ አንድ ጥጃ» ይላል፣
ከሥሩም፦ «አልተከፈለም።» ሁለት ምዕት ዓመት ሙሉ
ነፋሱን ያልለቀቀው ዕዳ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ነው የዘመሩት ሁሉ።

ቆርቆሮውስ ከየት? ተራራው አያበቅልም።
ጥጃ የተበደረ ሰው የሚገዛበት የለውም።
ከመዝገቡ ጥግ ሌላ እጅ የጻፈው መስመር አለ፣
ፊደሉ ጠባብ፣ እንደ ቸኮለ ሰው ያዘነበለ፦
«ለኔ ለሰሎሜ፦ ሳህን፣ አሥራ አንድ፣ የእናቴ።»
ሦስቴ አነበብኩት ተንበርክኬ፣ ሙጫውን እየጠረግሁ በጣቴ።

አቅልጦ፣ ከእርሳስ ቀይጦ፣ አሸዋ ላይ አፍስሶ፣
በዘንግ ጠቅልሎ፣ ለየአንዳንዱ ከንፈር ቆርሶ፣
ድምፅ አደረገው ጥሎሿን። እሷ ከእንጨት በላች።
ፈቅዳ ይሁን ተገድዳ መዝገቡ አይልም፤ ብቻ፣ ቆጠረች።

የኦቲሊያ የወንድም ልጅ ገዢ አግኝቷል ከከተማ፤
ሙዚየም፤ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የመስታወት ግድግዳ፣ የዝምታ ግርማ።
«እዚያ አንገቱ ይቃናል» አለኝ በስልክ «ሲያቀኑት
አዲስ ነው የሚሆነው!» መልስ አልሰጠሁት።
የጎበጠ ቧንቧ ከቀጥተኛው በድምፅ አያንስም፤
ነፋስ ዞሮ ያልፋል፣ ለምን ጎበጥህ ብሎ አይጠይቅም።

በዘጠነኛው ሳምንት፣ ማታ፣ ወናፉ ትንፋሽ ያዘ።
ኦቲሊያ ጫማዋን አውልቃ መርገጫውን ስትረግጥ እንጨቱ ሁሉ ተከዘ፣
እኔም የግራውን መጨረሻ ቁልፍ ተጫንኩት።
በጆሮ አልመጣም፤ በጉልበቴ ነው የሰማሁት፣
ከወለሉ፣ ከመስኮቱ ክፈፍ።
ከዚያ ከታች፣ ከማድ ቤት፣
አንድ ነገር መለሰ፣ ቀፎ ውስጥ እንደ ቀረ ንብ።

ቁልፉን ለቀቅሁ፤ ዝም አለ። ደግሜ ነካሁ፤ ደገመ።
ወርዳ ይዛው መጣች፦ ግራጫ ሳህን፣ ጠርዙ የተጣመመ፣
የስንት ዘመን ቢላ የቧጨረው።
«ይሄ? ድሮም መደርደሪያው ላይ ያለ ነው፤
የድመቷን ወተት ነው የማደርግበት» አለች፤
በመሐረቧ ጠርጋ ከቁልፎቹ በላይ አስቀመጠች።

ቁጥሩን አልነገርኳትም።
«እንደገና» አለች። ተጫንኩ። ተንቀጠቀጠ።
ሕፃን እንደምታባብል መዳፏን ጫነችበት፤ ድምፁ ተዋጠ።
ጥቂት ቆየች።
ከዚያ እጇን አነሳች።